የሆርሞን መድኃኒቴን ከእንክብል ወደ ፓች ልቀይር ወይስ ባለበት ልቀጥል?

ጥያቄ፦ መምህርት ከቦሳ ቂጦ

ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 54 ዓመት ነው፤ ጅማ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። የወር አበባዬ ጨርሶ የቆመው 50 ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀረው ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣውን ጊዜ በመልካም አላስታውሰውም። ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ ሳለ ከደረቴ የሚነሣ ሙቀት አንገቴንና ፊቴን ያነደዋል፤ በሁለት በሦስት ደቂቃ ውስጥ ሸሚዜ በላብ ከጀርባዬ ይጣበቃል፤ ወዲያው ደግሞ ብርድ ያንቀጠቅጠኛል። ሌሊት አራትና አምስት ጊዜ እየነቃሁ ልብሴን እቀይር ነበር። እንቅልፍ ያጣ ሰው ትዕግሥት አይኖረውምና ልጆቼንም ተማሪዎቼንም ያለ ጥፋታቸው ያስቀየምኩበት ዘመን ነው።

በ51 ዓመቴ ለሥልጠና አዲስ አበባ በሄድኩበት ጊዜ ያየችኝ የማህፀንና ጽንስ ሐኪም 2 ሚሊግራም ኢስትራዲዮል (ኢስትሮጅን) እና 1 ሚሊግራም ኖርኤቲስቴሮን (የማህፀንን ግድግዳ ከኢስትሮጅኑ የሚጠብቅ ሆርሞን) በአንድነት የያዘ እንክብል በየቀኑ እንድወስድ አዘዘችልኝ። ማህፀኔ ስላልወጣ ሁለቱም ሆርሞኖች እንደሚያስፈልጉኝ፣ ኢስትሮጅን ብቻውን ከተወሰደ የማህፀንን የውስጥ ግድግዳ እያወፈረ ለካንሰር ሊዳርግ እንደሚችል ያኔ አስረድታኛለች። በአምስተኛው ሳምንት ግድም ሌሊቱን ሙሉ መተኛት ጀመርኩ። መድኃኒቱ ያደረገልኝን መልካም ነገር በቅድሚያ የምጽፈው፣ የምተወው ነገር ምን እንደሆነ ሳልመዝን መወሰን ስለማልፈልግ ነው።

አሁን የመጣው ችግር የደም ግፊት ነው። ባለፉት ወራት በሦስት የተለያዩ ቀናት ተለክቼ 150 በ95 እና ከዚያም ትንሽ ከፍ ብሎ ተገኘብኝ። የውስጥ ደዌ ሐኪሙ አምሎዲፒን 5 ሚሊግራም አስጀመረኝና ስለ ሆርሞኑ የማህፀን ሐኪም እንዳማክር ነገረኝ። እዚሁ ጅማ ያማከርኳት ሐኪም ኢስትሮጅኑ በአፍ ከሚገባ በቆዳ ቢገባ እንደሚሻለኝ ነግራኝ፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚለጠፍ 50 ማይክሮግራም ፓች እና በኖርኤቲስቴሮኑ ምትክ ማታ ማታ የሚዋጥ 100 ሚሊግራም የፕሮጀስትሮን ካፕሱል ሐሳብ አቀረበችልኝ። አስቤበት በሚቀጥለው ወር እንድመለስ ቀጠሮ ይዛልኛለች።

የማመነታው በሕክምናው ምክንያት ብቻ አይደለም። እንክብሉን አዲስ አበባ ያለች ወዳጄ በየሦስት ወሩ እየገዛች በአውቶቡስ ትልክልኛለች። ፓቹንና ካፕሱሉን ግን በጠየቅኩባቸው መድኃኒት ቤቶች ሁሉ ስላላገኘኋቸው፣ ውጭ አገር ያለችው ልጄ በዓመት ሁለት ጊዜ በሚመጣ ሰው እጅ ልትልክልኝ ነው። ሰው ባይመጣ ወይም ዕቃው ቢጠፋ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዤ አዲስ አበባ ብደርስም ምትክ አላገኝም። ታላቅ እህቴ ደግሞ ይህን ሁሉ ድካም ስታይ ጨርሶ እንድተወው ትመክረኛለች፤ «እናታችን ሰባት ወልዳ፣ አርጣ፣ አንድም መድኃኒት ሳትውጥ አርጅታለች» ትላለች። አክስታችን በ68 ዓመቷ በጡት ካንሰር ስላረፈች የእህቴን ቃል እንደ ዋዛ አልሰማውም። በዚህ ላይ ባለፉት ሁለት ወራት ልቤ ያለ ምክንያት በኃይል ይመታል፤ ሙቀቱም በመጠኑ እየተመለሰ ነው። ይህ ደግሞ መድኃኒቱ እያነሰኝ ይሆን የሚል ሌላ ጥያቄ አመጣብኝ።

በዚህ መንገድ ያለፋችሁ እህቶችና ሙያው ያላችሁ ሰዎች፣ ልቀይር፣ ባለበት ልቀጥል ወይስ ላቁም በሚለው ላይ የምታውቁትን ብትነግሩኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ የሄርማታ እናት

እህቴ፣ ጽሑፍዎን ሳነብ የራሴን ነገር የሚናገሩ መሰለኝ። እኔ 56 ዓመቴ ነው፤ ከሁለት ዓመት በፊት ከእንክብል ወደ ፓች ቀይሬአለሁ። የእኔ ምክንያት ማይግሬን ነበር፤ እንክብሉን በወሰድኩ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ግማሽ ራሴን የሚወጋኝ ሕመም ይነሣብኝ ነበር። ከቀየርኩ በኋላ ሕመሙ ጨርሶ ባይጠፋም በጣም ቀለለልኝ፤ ስለዚህ በመቀየሬ አልተጸጸትኩም።

ነገር ግን ማንም ያልነገረኝና በራሴ ጥፋት የተማርኳቸው ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው ሣጥን ግማሹ ያለ አገልግሎት ተበላሸ፤ ከገላ መታጠብ በኋላ ቅባት መቀባት ልማዴ ስለሆነ ፓቹ በተቀባ ቆዳ ላይ አልያዘም። የጅማ ክረምት እንደምናውቀው ነው፤ አየሩ ራሱ እርጥብ ነው። ከወገብ በታች፣ ቂጥ ወይም ጭን ላይ፣ ታጥቦ በደንብ በደረቀና ቅባት ባልነካው ቆዳ ላይ ለጥፎ በመዳፍ ጥቂት ሰከንድ ተጭኖ መያዝ ያስፈልጋል፤ ጡት ላይ ግን ፈጽሞ አይለጠፍም። በየጊዜው ቦታ እየቀየሩ መለጠፍም ቆዳው እንዳይቆጣ ይረዳል። እኔ ሰኞና ሐሙስ ነው የምቀይረው፤ ቀኑን በሐሙስ ገበያ ስለምለካው አልረሳውም።

ሁለተኛው ጥፋቴ ከበድ ይላል። የሚላክልኝ ካፕሱል ቶሎ አለቀና ፓቹ ገና ሁለት ወር የሚያቆይ ተረፈ። ሙቀቱን የሚያስታግሰው ፓቹ ነው ብዬ ካፕሱሉን ሳልተካ ፓቹን ብቻ መለጠፌን ቀጠልኩ። በሁለተኛው ወር መጨረሻ ደም መጣብኝ። በአልትራሳውንድ ስታይ የማህፀኔ ግድግዳ መወፈሩ ታወቀና ናሙና ተወስዶ እስኪመረመር ድረስ የነበሩትን ሳምንታት በጸሎት ነው ያለፍኳቸው። ውጤቱ ደግ ሆነ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ስለዚህ እርስዎም ቢቀይሩ ከፓቹ ይልቅ የሚያሳስብዎ ካፕሱሉ ይሁን። ሁለቱ ሣጥኖች እኩል የማይበቁ ከሆነ የሚቆጠረው የሚያንሰው ነው።

ካፕሱሉ እንቅልፍ ያመጣል፤ ልተኛ ስል ስለምወስደው ለእኔ በረከት ሆኖልኛል። ቀን የሚወስደው ሰው ግን ሊያዞረው ይችላል። ሙስሊም ጎረቤቴ በረመዳን ጊዜ እንዴት እንደምትወስደው ተጨንቃ ስትጠይቀኝ፣ በመኝታ ሰዓት የሚዋጥ ስለሆነ ጾሟን እንደማይነካ ነግሬአት ተረጋጋች።

መልስ፦ የመድኃኒት ባለሙያ፣ ጅማ

ሰላም ለእርስዎ መምህርት። በመድኃኒት ቤት ውስጥ 16 ዓመት ሠርቻለሁ፤ ሐኪምዎ መርምራ ያየችውን ግን እኔ አላየሁም፤ የምጽፈውን ወደ ቀጠሮዎ ይዘው የሚሄዱት መነሻ አድርገው ይቁጠሩት።

ሐኪምዎ ያቀረበችልዎ ሐሳብ በቂ ምክንያት አለው። በአፍ የተዋጠ ኢስትሮጅን ከአንጀት በቀጥታ ወደ ጉበት ይሄዳል፤ ጉበትም ከደም ዝውውሩ አስቀድሞ መድኃኒቱ በብዛት ስለሚደርሰው ደም የሚያረጉ ፕሮቲኖችንና የደም ግፊትን ከፍ በሚያደርገው ሂደት ውስጥ የሚሳተፍ አንድ ፕሮቲን አብዝቶ ያመርታል። በቆዳ በኩል የሚገባው ኢስትሮጅን ግን ጉበትን በዚያ መጠን ሳያስጨንቅ ወደ ደም ይገባል። እ.ኤ.አ. 2007 የታተመ አንድ የፈረንሳይ ጥናት፣ በአፍ የሚወስዱ ሴቶች በደም ሥር ውስጥ ደም የመርጋት ዕድላቸው ሆርሞን ከማይወስዱት በአራት እጥፍ ያህል ከፍ ብሎ እንደተገኘ፣ በቆዳ በሚጠቀሙት ላይ ግን ጭማሪ እንዳልታየ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. 2023 ደግሞ በካናዳ ከ112,000 በላይ ሴቶች መረጃ ሲጠና፣ እንክብል የሚወስዱት ለደም ግፊት የመጋለጥ ዕድላቸው በቆዳ ከሚጠቀሙት በ14 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። እነዚህ ጥናቶች ሴቶችን በዕጣ መድበው የተሠሩ ሳይሆኑ የሚሆነውን በመመልከት የተሠሩ ናቸው፤ ቢሆንም ውጤታቸው ከጉበቱ አሠራር ጋር ስለሚስማማ ብዙ ሐኪሞች ግፊት፣ ማይግሬን ወይም ከመጠን ያለፈ ውፍረት ላለባት ሴት በቅድሚያ ፓች ወይም ጄል ይመርጣሉ።

14 በመቶ ማለት ግን ግፊትዎ የመጣው በእንክብሉ ነው ማለት አይደለም። በ54 ዓመት ዕድሜ ግፊት በብዙ ምክንያት ይነሣል፤ ጨው፣ ዘር፣ ክብደት፣ የእንቅልፍ ማጣት ሁሉ ድርሻ አላቸው። ስለዚህ ፓቹን ቢጀምሩም አምሎዲፒኑን በራስዎ እንዳያቆሙ አደራ እላለሁ። ግፊቱ ከ140 በ90 በታች ወርዶ መርጋት ያለበት የሆርሞኑ ነገር ወደየትም ቢሄድ ነው።

የጡት ካንሰር ስጋትዎን በሚመለከት፣ ፓቹ ይህን ስጋት ያስወግድልዎታል ብለው ከቀየሩ ኋላ ያዝናሉ። ፓች የሚጠቅመው ለደም መርጋትና ለግፊቱ ነው፤ ለጡት ዋናው ጉዳይ ከኢስትሮጅኑ ጋር የሚሰጠው ሁለተኛው ሆርሞን ዓይነትና የሚወሰድበት ርዝመት ነው። ዓለምን ያስደነገጠው የአሜሪካ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2002 ሲታተም ከ16,000 በላይ ሴቶችን ያካተተ ነበር፤ ሁለቱን ሆርሞኖች በአንድነት ከወሰዱ 10,000 ሴቶች መካከል በዓመት 8 ተጨማሪ የጡት ካንሰር፣ 8 ተጨማሪ ስትሮክ እና 7 ተጨማሪ የልብ ሕመም ተመዝግቧል፤ በአንጻሩ የዳሌ አጥንት ስብራት በ5 ቀንሷል። በዚያ ጥናት የገቡት ሴቶች አማካይ ዕድሜ 63 ዓመት እንደነበር፣ መድኃኒቱም እርስዎ ከሚወስዱት የተለየ፣ ከእርጉዝ ፈረስ ሽንት የሚዘጋጅ ኢስትሮጅን ከሌላ ፕሮጀስቲን (እንደ ፕሮጀስትሮን የሚሠራ ሆርሞን) ጋር እንደነበር ብዙ ሰው አልሰማም። እ.ኤ.አ. በ2019 የብዙ አገሮችን ጥናቶች አሰባስቦ የወጣው ሥራ ደግሞ ከ50 ዓመታቸው ጀምሮ ለ5 ዓመት ሁለቱን ሆርሞኖች በየቀኑ በወሰዱ ሴቶች ላይ፣ እስከ 69 ዓመት ዕድሜያቸው የጡት ካንሰር የሚይዛቸው ከ100 ሴቶች ከ6.3 ወደ 8.3 ከፍ እንደሚል ገምቷል፤ ይህም 50 ሴቶች ቢወስዱት አንዲት ተጨማሪ ሴት እንደማለት ነው። ቁጥሩ የተወሰደው በአብዛኛው ከአውሮፓና ከሰሜን አሜሪካ ሴቶች ነው። ትንሽም አይደለም፣ የሚያስበረግግም አይደለም። ካፕሱሉ ውስጥ ያለው ፕሮጀስትሮን ከኖርኤቲስቴሮን ይልቅ ለጡት የቀለለ ሊሆን እንደሚችል የሚያመለክቱ የፈረንሳይ ጥናቶች አሉ፤ እኔ ግን ተስፋ እንጂ ማስረጃው የተዘጋ አድርጌ አልነግርዎትም። አክስትዎ የታመሙት በ68 ዓመታቸው ከሆነና ሌላ የታመመ የቅርብ ዘመድ ከሌለ ይህ ብቻውን መድኃኒቱን የሚያስከለክል አይደለም፤ ለሐኪሟ ግን መንገር ይገባል።

ሙቀቱ መመለሱና የልብ መምታቱ ግን ከመቀየሩ ጋር ተደባልቆ ቀርቧል፤ ሊለይ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ። በአንድ ጊዜ መጠን መጨመርም፣ መድኃኒት መቀየርም፣ የግፊት መድኃኒት መጀመርም ከተደረገ ከሦስት ወር በኋላ ምን ምን እንዳመጣ የሚያውቅ ሰው አይኖርም። አምሎዲፒን ራሱ አንዳንድ ሰው ላይ ፊትን ያሞቃል፣ ልብንም ያስመታል፤ የልብ መምታቱ የጀመረው ከእርሱ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት ካለም ይጻፉልን። ሪፋምፒሲን የተባለው የቲቢ መድኃኒት እና ለሚጥል በሽታ የሚሰጡት ካርባማዜፒን፣ ፌኒቶይንና ፌኖባርቢታል ኢስትሮጅንን ከሰውነት በፍጥነት ስለሚያስወጡ እንክብሉን ያዳክሙታል።

ብዙ ሴቶች የሆርሞናቸውን መጠን በደም ለማስለካት ብዙ ገንዘብ ሲያወጡ አያለሁ። ዕድሜዋ ከ45 ዓመት በላይ ሆኖ የወር አበባዋ ለቆመ ሴት ማረጧን ለማወቅ ይህ ምርመራ አያስፈልግም፤ መጠኑ በቂ መሆኑም የሚታወቀው በአብዛኛው በሚሰማት ነገር ነው። ገንዘቡን ለታይሮይድ፣ ለስኳርና ለኮሌስትሮል ምርመራ ቢያውሉት ይሻላል።

የአቅርቦቱ ነገር ከሁሉም ይልቅ ያሳሰበኝ ነው፤ የሄርማታዋ እናት የጻፉትን እኔም በሥራዬ አይቼዋለሁ። ስለዚህ ለሐኪምዎ ሁለት ነገሮችን ይጠይቋት። አንደኛው ሆርሞን ያለው ሉፕ ነው፤ 52 ሚሊግራም ሌቮኖርጀስትሬል የያዘው ዓይነት ማህፀን ውስጥ ከገባ ለ5 ዓመት የማህፀኑን ግድግዳ ስለሚጠብቅ ካፕሱል አያስፈልግም፤ ከዚያ በኋላ የሚቆራረጥ ነገር ቢኖር ፓቹ ብቻ ይሆናል፤ የፓች መቆራረጥ ደግሞ ሙቀቱን ይመልሳል እንጂ ማህፀንን አይጎዳም። በየጤና ጣቢያው ለቤተሰብ ምጣኔ የሚገባው የመዳብ ሉፕ ግን ሆርሞን ስለሌለው ይህን ሥራ ፈጽሞ አይሠራም፤ ሁለቱን ያደባለቁ ሴቶች ስላጋጠሙኝ ነው ይህን የምጽፈው። ሁለተኛው፣ ፓቹ ባይገኝ አሁን ከሚወስዱት ግማሹን፣ ማለትም 1 ሚሊግራም ኢስትራዲዮልና 0.5 ሚሊግራም ኖርኤቲስቴሮን የያዘውን እንክብል መሞከር ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ብዙ ሴቶች ባነሰ መጠን ደህና ሆነው ይቀጥላሉ።

መልስ፦ ጡረተኛ ነርስ ከጅረን

እኔ 59 ዓመቴ ነው፤ ሆርሞን ለአራት ዓመት ወስጄ አቁሜአለሁ። ስለዚህ ከእህትዎ ወገን ሆኜ መናገር የሚገባኝ እኔ ነኝ፤ ቢሆንም እህትዎ በአንድ ነገር የተሳሳቱ ይመስለኛል። እናቶቻችን ሳይወስዱ ያረጁት ሳይቸገሩ ቀርተው አይደለም። እናቴ በሌሊት በር ከፍታ ደጅ ላይ ትቀመጥ እንደነበር፣ እኛም «ብርድ ይመታሻል» እያልን እንቆጣት እንደነበር አስታውሳለሁ። ምን እንደሆነ የገባኝ ራሴ በዚያ ዕድሜ ላይ ስደርስ ነው። በኋላም ወገቧ ጎበጠ፤ ያ የአጥንት መሳሳት እንደነበር አሁን አውቃለሁ።

ያቆምኩት ቀስ በቀስ ነው። መጠኑን ዝቅ አድርጌ ሦስት ወር፣ ከዚያ በሁለት ቀን አንዴ እየወሰድኩ ሌላ ሁለት ወር ቆየሁ። በአንድ ጊዜ ማቆምና ቀስ እያሉ ማቆም በረጅሙ ሲታይ ልዩነት እንደሌለው ሐኪሜ ነግሮኛል፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግን ቀስ ማለቱ ሙቀቱ በድንገት ተመልሶ እንዳይጥለኝ ረድቶኛል። ሙቀቱ ጥቂት ተመለሰ፣ ከስምንት ወር በኋላም ለቀቀኝ። የብልት ድርቀቱና ሽንት በሸናሁ ቁጥር ማቃጠሉ ግን አልለቀቀኝም። ስለዚህ ነገር ሴቶች እርስ በርስም ስለማይነጋገሩ በግልጽ ልጻፈው፤ ለዚህ በብልት ውስጥ የሚደረግ አነስተኛ መጠን ያለው የኢስትሮጅን ክሬም አለ፤ ወደ ደም የሚገባው እጅግ ጥቂት ስለሆነ ፕሮጀስትሮን አብሮት አይሰጥም።

ከሁሉም በላይ ልነግርዎት የፈለግኩት ስለ ልብዎ መምታት ነው። መድኃኒቱን በወሰድኩ በሁለተኛው ዓመት ሙቀቱ ተመለሰ፣ ልቤ ይመታ ነበር፣ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ክብደቴም ቀነሰ። መድኃኒቱ አነሰኝ ብዬ መጠኑን ሁለት ጊዜ አስጨመርኩ፤ ለውጥ አልመጣም። በመጨረሻ አንድ ወጣት ሐኪም አንገቴን ዳስሶ የታይሮይድ ምርመራ አዘዘልኝ፤ ለዓመታት አብራኝ የኖረችው ትንሽ እንቅርት ሆርሞኗን ከልክ በላይ ታመርት ነበር። የላብ፣ የሙቀት፣ የልብ መምታትና የእንቅልፍ ማጣት ምልክቱ ከማረጥ ምልክት ጋር አንድ ነው፤ የላይኛውን የግፊት ቁጥርም ከፍ ያደርጋል። እንቅርት በአገራችን ደጋና ወይና ደጋ የተለመደ ስለሆነ ሁላችንም አይተን እንዳላየን እናልፈዋለን። በሙያዬ ነርስ ሆኜ ሳለ በራሴ ላይ አለማየቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ቡናንም ሳልጠቅስ አላልፍም። ጅማ ተቀምጦ ቡና ይቅርብኝ ማለት ከጎረቤት መለየት ነው። እኔ ግን አቦሉን ብቻ ጠጥቼ ቶናውንና በረካውን ለሌላው ማለፍ ጀመርኩ፤ ከሰዓት በኋላ የሚፈላውንም ትቻለሁ። ለሁሉም ሴት ላይሠራ ይችላል፤ ለእኔ የሌሊቱን ላብ ቀንሶልኛል። ተልባ ለማረጥ ሙቀት ይጠቅማል እየተባለ ሲነገር ሰምተው ይሆናል። ምግብ ነውና ይጠጡት፤ በጥናት ሲታይ ግን ለሙቀቱ ከማስመሰያ መድኃኒት የተለየ ጥርት ያለ ውጤት አላሳየም፤ በእርሱ ተማምነው የግፊት ክትትልዎን እንዳያጓድሉ።

መልስ፦ መምህርት ከቦሳ ቂጦ

ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ እንዲህ በዝርዝር ስለጻፋችሁልኝ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። የእትዬን ጽሑፍ ካነበብኩ በኋላ መስታወት ፊት ቆሜ ውኃ እየዋጥኩ አንገቴን አየሁት፤ በቀኝ በኩል በእርግጥ የሚንቀሳቀስ እብጠት አለ። እናቴም ነበራት፤ ለዚህ ነው ይመስለኛል ነገሬ ብዬ የማላውቀው። ትናንት ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ሄጄ ለታይሮይድ ምርመራ ደም ሰጥቻለሁ፤ ውጤቱን ማክሰኞ እወስዳለሁ።

ለጠየቁኝ የመድኃኒት ባለሙያ፣ የልብ መምታቱ የጀመረው አምሎዲፒኑን ከመጀመሬ ሦስት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ ነው። ሌላ የምወስደው መድኃኒት የለም፤ ጫትም ሲጋራም አልጠቀምም። ደም በደም ሥሬ ረግቶብኝ አያውቅም።

አሁን የታየኝ፣ የታይሮይዱ ውጤት ሳይታወቅ የሆርሞኑን መጠን የመጨመርን ነገር ጨርሶ እንደማላነሣው ነው። ወደ ፓች የመቀየሩን ሐሳብ ግን ተቀብዬዋለሁ፤ ምክንያቱም ግፊቱና የደም መርጋቱ ነው፤ የጡቱን ስጋት ለብቻው ከሐኪሟ ጋር እነጋገርበታለሁ። እህቴንም በቀጠሮው ቀን አብራኝ እንድትገባ ለምኛት እሺ ብላለች፤ ከእኔ አፍ ከምትሰማው ከሐኪሟ ብትሰማው ልቧ ያርፋል። ሉፑ መኖሩንም እጠይቃለሁ። ሉፑ ካልተገኘ ግን ልጄ የስድስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ ስትልክልኝ ስንት ስንት ልበላት? በመካከል ቢቋረጥስ በእጄ ያለውን እንክብል ላቆየው ወይስ ላስወግደው? ከቀየርኩ በኋላ ደም ቢታየኝስ መቼ ነው የሚያሰጋው?

መልስ፦ የመድኃኒት ባለሙያ፣ ጅማ

ምርመራውን ሳይውሉ ሳያድሩ ማድረግዎ በጣም ደስ አሰኝቶኛል። ታይሮይድዎ በዝቶ ከተገኘ ሕክምናውን የሚመራው የውስጥ ደዌ ሐኪሙ ስለሆነ የሆርሞን መድኃኒት እንደሚወስዱ ይንገሩት። ምናልባት ከዚያ በኋላ ታይሮይድ ቀንሶ ሌቮታይሮክሲን የተባለውን የታይሮይድ ሆርሞን ምትክ መውሰድ ቢያስፈልግዎ፣ በአፍ የሚወሰድ ኢስትሮጅን የሚያስፈልገውን የሌቮታይሮክሲን መጠን ከፍ ሊያደርገው ይችላል፤ ፓች ግን በአብዛኛው ይህን አያመጣም። ይህም ለፓቹ አንድ ተጨማሪ ምክንያት ነው።

ከተቀየረ በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ ሦስት እስከ ስድስት ወራት ጥቂት ደም መታየቱ የተለመደ ነው፤ ቀኑን ጽፈው ይያዙ። ብዙ ከሆነ፣ ከስድስት ወር ካለፈ፣ ወይም ቆሞ ቆይቶ እንደገና ከጀመረ ግን አልትራሳውንድ ሳይነሡ መቆየት አይገባም። አንድ እግር ብቻ አብጦ ቢያምዎ፣ ድንገት ትንፋሽ ቢያጥርዎ፣ ደረትዎን ቢወጋዎ ወይም አንድ ጎንዎ ቢዝል ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

በእጅዎ ያለውን እንክብል አያስወግዱት፤ ጊዜው እስካላለፈበት ድረስ ካፕሱሉ ቢቋረጥ ፓቹን አንሥተው ሐኪምዎን እስኪያገኙ የሚመለሱበት እርሱ ነው፤ ይህን አስቀድመው ከሐኪሟ ጋር ተስማምተው በካርድዎ ላይ ያስጽፉት። ፓቹንና እንክብሉን በአንድ ቀን አብረው አይጠቀሙ።

ለልጅዎ የሚነግሯት ቁጥር እንዲህ ነው። ስድስት ወር 26 ሳምንት ነው፤ በሳምንት ሁለት ከሆነ 52 ፓች ይሆናል፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚቀየረው ፓች ብዙውን ጊዜ በሣጥን 8 ስለሚመጣ 7 ሣጥን ትግዛ። ካፕሱሉ በየሌሊቱ አንድ ስለሆነ 182 ነው፤ የመጪው ሰው ቢዘገይ እንዳይጨነቁ 210 ትላክልዎ። የሐኪሟን ማዘዣ ቅጂ ከመድኃኒቱ ጋር በአንድ ከረጢት ታድርገው፤ ይዞ የሚመጣውም ሰው ሻንጣው ውስጥ ሳይሆን በእጁ በሚይዘው ቦርሳ ይያዘው።